ኮምፒዩተርና የሠዓሊው ድካም

ኪነ ጥበብ የሰው ልጅ የሥራ ውጤት ነው፤ የመሣሪያ መራቀቅ ይህን እውነት አይሽረውም።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሃሮልድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ «አሮን» የተባለውን ሥዕል የሚሥል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መንደፍ ጀመረ። ፕሮግራሙ ዝግ ቅርጽን ከክፍት፣ ውስጡን ከውጭው የሚለይበትን ሕግ ያወጣለት ራሱ ሠዓሊው ነበር፤ ከቀደምቱ ሥዕሎች ብዙዎቹንም በገዛ እጁ ቀለም ቀባቸው። በ2016 እስኪሞት ድረስ ከዚሁ ሥራ አልተለየም።

በ2018 በኒውዮርክ በ432,500 ዶላር የተሸጠው የ«ኤድሞን ደ ቤላሚ» ምስል ግን፣ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን በተሣሉ 15,000 ያህል ምስሎች ከሠለጠነ ኮምፒዩተር የተገኘ ነው። በፊርማው ቦታ የሒሳብ ቀመር ሰፈረ።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የድካሙ ባለቤት ማንነት ነው። የፊተኛው መሣሪያ የአንድ ሠዓሊ ዕውቀት ይዞ ስሙን አስጠራ፤ የኋለኛው የብዙዎችን የእጅ ሥራ ወርሶ ስማቸውን አስቀረ።