የጋይንት ቤተ ልሔም፤ የዜማ ቤትና የባላገር እንጀራ

በእንግሊዝ አገር ዳርቲንግተን የሚባል ጥንታዊ የባላባት ርስት አለ። ባለጠጎች የሆኑ ባልና ሚስት ገዝተው ካሳደሱት በኋላ፣ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት፣ በእነርሱ በጋ በእኛ ክረምት፣ ሙዚቀኞች በዚያ ይሰበሰቡ ነበር፤ በጥቂት ሰው የሚመታውንም ረቂቅ ሙዚቃ ይማሩ ነበር። ይህን የሰማ የከተማ ሰው ዜማን በገጠር ማስተማር አዲስ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ነገሩ ከጥንት የነበረ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ፣ በይፋግ ገበያ አልፎ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት ደጋ ይወጣ የነበረው የዜማ ተማሪ የሚሻው ቤተ ልሔምን ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው የገጠር ደብር ክብ ናት፤ በውስጧ ግን ባለ አራት ማዕዘን የሆነ የቀደምት አባቶች ሕንፃ ተሰውሯል። ሰሙ የባላገር ቤት፣ ወርቁ የጥንት ጥበብ ነው።

ድጓን በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው ሊቃውንት ይተርካሉ። በ1521 ዓ.ም. በተነሣው የግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ከጠፉ በኋላም፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳበጁ ይነገራል። ቤተ ልሔም እንደ ቆማና እንደ አጫብር ለዜማ ስልት ስሟን የሰጠች፣ የድጓም ምስክር የሚገኝባት ናት። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ደግሞ በዚያው በጋይንት በዙር አምባ ነው።

ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ሌሊት ያለ መብራት በቃሉ ያጠናል። በቀደመው ልማድ ድጓውን በገዛ እጁ በብራና ይጽፍ ነበርና ድካሙ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ጉባኤ በምን ቆመ? ቀድሞ መምህሩ ከቤተ ክህነት መሬት ይተዳደር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ መተዳደሪያ ቀረ። ገበሬው ያረሰውን መሬት ስላገኘ ይህን ለማማረር አልጽፍም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ መሬቱ ከሄደ በኋላ ጉባኤው አለመፈታቱ ነው። ቀድሞም ቢሆን የተማሪው ቁራሽ ይወጣ የነበረው ከገበሬው ሌማት ነበርና። ድጓ ምን እንደሚል ያላነበበች እናት ከልጆቿ ራት ከፍላ በአኩፋዳው ጨመረች፤ ዜማውም በእርሷ እጅ ከዘመን ወደ ዘመን ተሻገረ።

የዳርቲንግተንን ጉባኤ ያስጠለሉት ባለጠጎች ናቸው፤ የእኛን ግን ድሆች። በበዓል ቀን ማኅሌት ቆመን የዜማውን ጣዕም የምናደንቅ የከተማ ሰዎች ሆይ፣ ስለ ያሬድ ክብር ከመናገራችን አስቀድሞ ለመምህሩ ቀለብ፣ ለተማሪውም ልብስ ምን እንደ ላክን ራሳችንን እንጠይቅ። ማድነቅ ብቻውን ጉባኤ አያቆምምና።