የዘገምተኛ ፈለኮች ሽግግርና ትውልድ

ከፀሐይ ርቆ በዝግታ የሚዞር ፈለክ ከ12ቱ የከዋክብት ክፍሎች አንዱን ለቆ ወደ ተከታዩ ሲገባ፣ በዚያ ዘመን የሚወለዱትን ሁሉ በአንድ ጠባይ ያትማል የሚል የኮከብ ቆጠራ ትምህርት ነው። ዙሐል (ሳተርን) በአንዱ ክፍል 2 ዓመት ተኩል ያህል ሲቆይ፣ ፕሉቶ ዙሩን የሚፈጽመው በ248 ዓመት፣ ምሕዋሩም ሞላላ በመሆኑ፣ ከ12 እስከ 31 ዓመት ስለሚሰነብት የትውልድ መለያ ተደርጎ ይቆጠራል። ከሰውየውና ከእናቱ ስም ፊደላት ኮከብን የሚያወጣው ዐውደ ነገሥት የተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ግን እያንዳንዱን ሰው እንጂ ትውልድን አይመለከትም።

ፕሉቶ በዐቅራብ (ስኮርፒዮ) የቆየበት ዘመን (1983–1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)፣ በዘመቻ ሙሴና በ1991 በተፈጸመው ዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ወደ እስራኤል የገቡበት ነው። ስለዚህ በኢይዝራኤል ሸለቆ በምትገኘው የአፉላ ከተማ፣ በጎንደር ገጠር የተወለደ ታላቅና በከተማይቱ የተወለደ ታናሽ በአንድ ኮከብ ሥር ይመደባሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ በአማርኛ ሌላው በዕብራይስጥ አፉን መፍታቱ፣ የትውልድን ልዩነት የሚወልዱት ስደት፣ ቋንቋና ትምህርት ቤት መሆናቸውን ያስረዳል። ከከተማይቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቤተ አልፋ ምኵራብ የ6ኛው ምእት ዓመት ወለል ላይ፣ 12ቱ ከዋክብት በአራት ፈረሶች የሚሳበውን የፀሐይ ሠረገላ ከበው ተሥለዋል፤ ይህም የሰው ልጅ ዘመኑን ከሰማይ ለማንበብ ያለው ናፍቆት በዚያ ምድር ጥንታዊ መሆኑን ይመሰክራል።