የዘገየ ጥቅል ዋጋ፦ የማጓጓዣ ክፍያ ተመላሽ ከየት መጣ?



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገ ይደርስልሃል ተብሎ ዋጋ የከፈለ ሰው ጥቅሉ ከነገ ወዲያ ቢደርስ፣ የከፈለውን የማጓጓዣ ገንዘብ ማስመለስ ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ መብቱን ከየት አገኘው? ከነጋዴው ቸርነት ነው ወይስ ከሕግ? በደረሰኝ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው የተመላሽ ዋስትና ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ክርክር ውጤት ነው። ክርክሩም በመዘግየት የሚደርሰውን ጉዳት ማን ይሸከም የሚል ነበር። እኔ እንደምረዳው ዋስትናው ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠም፤ ጥያቄው እንዳይነሣ ዋጋ ከፈለበት እንጂ። ይህን ለማሳየት ከእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተነሥቼ፣ በእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ በኩል አልፌ፣ ወደ አሜሪካ የፈጣን መልእክት ኩባንያዎች እሻገራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ምንም የማይከፍለውን አጓጓዥ እንመልከት፤ እርሱም የንጉሡ ፖስታ ነው። በለንደን ፖስታ ቤት ሌን የተባለ ሰው የላከው ደብዳቤ ተከፍቶ በውስጡ የነበሩት የመንግሥት የገንዘብ ሰነዶች ጠፉ። ሌን የፖስታ ቤቱን የበላይ ሹሞች፣ ሰር ሮበርት ኮተንንና ሰር ቶማስ ፍራንክላንድን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1701 ሲወሰን ከአራቱ ዳኞች ሦስቱ ፖስታው የመንግሥት ሥራ እንጂ የነጋዴ ጭነት አይደለም፤ ሹሞቹም በበታቾቻቸው ጥፋት አይጠየቁም አሉ። የተለየው ዋናው ዳኛ ጆን ሆልት ብቻ ነበር። በእርሱ አስተያየት ዋጋ ተቀብሎ የሰው ንብረት የሚይዝ ሁሉ ንብረቱ ሲጠፋ መልስ መስጠት አለበት። የሆልት ሐሳብ በዚያ ቀን ተሸነፈ፤ በ1778 ሎርድ ማንስፊልድ ተመሳሳይ ክስ በቀረበለት ጊዜም የብዙኃኑን መንገድ ተከተለ። አሜሪካም ይህንኑ ወርሳለች፤ ዜጎች የፌደራሉን መንግሥት በጥፋቱ እንዲከሱ በር የከፈተው የ1946ቱ ሕግ፣ ስለ ጠፋ፣ አለቦታው ስለ ደረሰ ወይም በቸልተኝነት ስለ ተላለፈ ፖስታ የሚቀርበውን ክስ ግን ከበሩ ውጭ አስቀረው።

የግል አጓጓዦች ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ነበሩ። ያው ሆልት በ1703 በሰጠው ሌላ ፍርድ፣ ለሕዝብ የሚያገለግል አጓጓዥ ከእግዚአብሔር ሥራና ከንጉሡ ጠላቶች በቀር በምንም ምክንያት ለጠፋ ዕቃ ተጠያቂ መሆኑን ገለጸ። ይህ ከባድ ኃላፊነት ነው፤ ነገር ግን የሚመለከተው የጠፋውንና የተበላሸውን ዕቃ ነው። ለዘገየው ዕቃ መለኪያው ላላ ያለ ነበር፤ አጓጓዡ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ለማድረስ ተገቢውን ጥንቃቄ ካደረገ ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚገርም አይደለም። የጠፋ ጆንያ እህል ዋጋው በገበያ ይታወቃል። የጠፋ ቀን ግን ገበያ የለውም፤ ለአንዱ ምንም ነው፣ ለሌላው ቤቱን የሚያዘጋ ነው።

ይህ ችግር ሙሉ መልኩን ይዞ የወጣው በ1853 በግሎስተር ከተማ ነው። የሕግ ተማሪዎች ጉዳዩን በሃድሊና በባክሰንዴል ስም ታውቁታላችሁ፤ የታሪክ ተማሪዎች ግን የምታውቁት አይመስለኝምና ጥቂት ልቆይበት።

ሃድሊዎች በእንፋሎት የሚሠራ ወፍጮ ነበራቸው። በግንቦት ወር የሞተሩ ዘንግ ተሰበረና ወፍጮው ቆመ። አዲሱን የሚሠሩት ባለሙያዎች የሚገኙት ከለንደን አጠገብ በግሪኒች ሲሆን፣ የተሰበረው ዘንግ ናሙና እንዲሆን ወደዚያ መላክ ነበረበት። የሃድሊዎች ሠራተኛ ፒክፎርድ ወደተባለው ታዋቂ የአጓጓዥ ድርጅት ቢሮ ሄዶ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ በፍርድ ዘገባው ተመዝግቧል፤ በማንኛውም ቀን ከቀትር በፊት ከመጣ በማግስቱ ግሪኒች ይደርሳል የሚል ነበር። ሁለት ፓውንድ ከአራት ሺሊንግ ተከፍሎ ዘንጉ ተላከ። በአጓጓዦቹ ቸልተኝነት ግን ተጓተተ፤ አዲሱም ዘንግ መምጣት ከነበረበት ጥቂት ቀናት ዘግይቶ መጣ፤ ወፍጮውም እስከዚያ ድረስ ቆሞ ሰነበተ። ፒክፎርድ በዚያን ጊዜ የሽርክና ማኅበር ስለነበር የተከሰሰው ከሸሪኮቹ አንዱ ጆሴፍ ባክሰንዴል በስሙ ነው። ሃድሊዎች 300 ፓውንድ ጠየቁ፤ ተከሳሹ 25 ፓውንድ ለፍርድ ቤት አስገብቶ ይበቃል አለ፤ በግሎስተር የተሰየሙት የጁሪ አባላት ሌላ 25 ጨመሩበት።

ባክሰንዴል ይግባኝ አለ። በየካቲት 1854 ዳኛው አልደርሰን በጻፈው ፍርድ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ መላው የእንግሊዝ ሕግ ዓለም የተከተለው መመሪያም ተሰጠ። ውል ያፈረሰ ሰው የሚክሰው ከነገሩ ጠባይ በተለመደው መንገድ የሚመጣውን ጉዳት፣ ወይም ውሉ ሲደረግ ሁለቱም ወገኖች በሐሳባቸው የያዙትን ጉዳት ነው። የወፍጮው መቆም ከሁለቱም አይደለም ተባለ፤ ሃድሊዎች ሌላ መጠባበቂያ ዘንግ ሊኖራቸው ይችል ነበርና፣ የተለየውንም ሁኔታቸውን ለአጓጓዡ አልነገሩትምና።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። የፍርድ ዘገባው መግቢያ የሃድሊዎች ሠራተኛ ለቢሮው ጸሐፊ ወፍጮው መቆሙንና ዘንጉ በአስቸኳይ መላክ እንዳለበት እንደ ነገረው ይተርካል። የአልደርሰን ፍርድ ግን የተነገረው የሚላከው ዕቃ የወፍጮ ስባሪ ዘንግ መሆኑና ላኪዎቹ የወፍጮው ባለቤቶች መሆናቸው ብቻ ነው ይላል። ሁለቱ አይታረቁም። ምሁራን ብዙ ጽፈውበታል፤ እኔን የሚስበኝ ግን ማን ዋሸ የሚለው አይደለም። ትልቅ የአጓጓዥ ድርጅት ባለበት ዘመን ለአንድ ጸሐፊ በመስኮት የተነገረ ቃል ለድርጅቱ እንደ ተነገረ ይቆጠራልን? ዳኞቹ ይህን ጥያቄ በቀጥታ አልመለሱም፤ ውጤቱ ግን ለአጓጓዡ የተመቸ ሆነ። በዚያ ዘመን አንድ ሸሪክ በድርጅቱ ዕዳ ሀብቱን ሁሉ ሊያጣ ይችል እንደነበር ስናስብ፣ የችሎቱ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። በማግስቱ ይደርሳል የሚለው ቃል ግን በዚህ ሁሉ መካከል ተረሳ። የተከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ይመለስ የሚለው ጥያቄም የክርክሩ ማዕከል አልነበረም።

ወደ አገራችን የሚያደርሰው ክር ከዚሁ ችሎት ይመዘዛል። ዳኛው ፓርክ በክርክሩ መካከል የፈረንሳይን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅሶ ነበር። ያ የ1804 ሕግ ባለዕዳው የሚክሰው ውሉ ሲደረግ የታየውን ወይም ሊታይ ይችል የነበረውን ጉዳት ብቻ ነው ይላል፤ ይህንንም ያገኘው ሮበርት ፖቲዬ በ1761 ካሳተመው ስለ ግዴታዎች ከሚያትተው መጽሐፉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድም በዚሁ የፈረንሳይ ትምህርት ያደጉ ናቸው። አንቀጽ 1799ን ብትከፍቱ ካሳው በአእምሮ ሚዛናዊ ሰው ግምት በተለመደው ሁኔታ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆኑን ታገኛላችሁ። አንቀጽ 1801 ደግሞ ባለመብቱ ጉዳቱን የሚያከብደውን ልዩ ሁኔታ ውሉ ሲደረግ ለባለዕዳው አስታውቆት ከሆነ በእውነት የደረሰውን ጉዳት ልክ ያህል ይካሳል ይላል። ከአልደርሰን መመሪያ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው፤ የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ለነጻ ትምህርት ዕድል ማስረጃውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ተመራቂ እናስብ። በመስኮቱ ቆሞ የማመልከቻው ጊዜ ዐርብ ያበቃል፣ እባካችሁ ይድረስልኝ ይላል። ጸሐፊዋም አይዞህ ይደርሳል ትለዋለች። ፖስታው ሰኞ ይደርሳል። ያ በመስኮት የተነገረ ቃል በአንቀጽ 1801 መሠረት ማስታወቅ ነውን? በእኔ እምነት ነው፤ ማስረዳቱ ግን የላኪው ዕዳ ነው፤ በላኪው እጅ ያለው ደግሞ ስለ ዐርብ አንዳች የማይናገር ደረሰኝ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ሚያዝያ 17 ቀን 1973 ፌደራል ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ ከሜምፊስ ከተማ በ14 ትናንሽ አውሮፕላኖች ሥራ ጀመረ፤ በዚያች ሌሊት 186 ጥቅሎችን ወደ 25 ከተሞች አደረሰ። የሚሸጠው ነገር አዲስ ነበር። የቀድሞ አጓጓዥ ርቀትን ይሸጥ ነበር፤ ይህ ሌሊትን ይሸጥ ጀመር። ሕጉም ተከተለው። ደብዳቤ የማድረስ ሥራ በብቸኝነት የመንግሥት ፖስታ ነበር፤ በ1979 ግን ፖስታው ራሱ እጅግ አስቸኳይ የሆኑ ደብዳቤዎችን ለግል ኩባንያዎች ለቀቀ። አስቸኳይ የተባለውም በማግስቱ እስከ ቀትር ካልደረሰ ዋጋው ወይም ጥቅሙ የሚቀንስ ደብዳቤ ነው። ይህን ማስረዳት ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ተከፈተለት፤ ለማጓጓዣው ቢያንስ 3 ዶላር ወይም የመደበኛውን ፖስታ ዋጋ እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ የከፈለ ሁሉ ደብዳቤው አስቸኳይ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ቀትር በግሎስተር የመስኮት ቃል ነበር፤ እዚህ የሕግ ወሰን ሆነ።

በዚህ ገበያ ላይ ነው የተመላሽ ዋስትናው የበቀለው። ፌደራል ኤክስፕረስ ከቀጠረው ሰዓት 60 ሴኮንድ ቢዘገይ እንኳ የማጓጓዣውን ዋጋ እንደሚመልስ አስታወቀ፤ ተፎካካሪው ዩ ፒ ኤስም ተመሳሳይ ቃል ገባ። ለምን ይህን ያህል ደፈሩ? እምነት ለመግዛት ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በሃድሊ መመሪያ መሠረት አጓጓዡን የሚያድነው የላኪውን ልዩ ሁኔታ አለማወቁ ነበር። በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ የጥድፊያችሁን ነገር እኔ አውቃለሁ እያለ ደንበኛ የሚጠራ ኩባንያ ግን አላውቅም ነበር ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። ስለዚህ ማስታወቂያው የሰጠውን ደረሰኙ መልሶ ወሰደው፤ የማጓጓዣው ዋጋ ይመለሳል፣ ከመዘግየቱ የተነሣ ለታጣ ትርፍ፣ ለከሸፈ ጨረታ ወይም ላመለጠ ቀጠሮ ግን ኩባንያው አይጠየቅም። 25 ዶላር ተመላሽ 25 ሺህ ዶላር ክስን ይዘጋል። እኔ ይህን ማታለል ነው አልልም፤ ያለዚህ ገደብ የማጓጓዣው ዋጋ ዛሬ ካለው እጅግ በናረ ነበር። ነገር ግን የኪሣራ ክፍፍል እንጂ ስጦታ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሌላው አስገራሚ ነገር ማስረጃው ያለበት ቦታ ነው። የሃድሊዎች ዘንግ በየትኛው ቀን የት እንደነበር ለማወቅ ምስክር ያስፈልግ ነበር። ፌደራል ኤክስፕረስ ግን በ1979 ጥቅሎችን የሚከታተል የኮምፒዩተር ሥርዓት ዘረጋ፤ በ1986 ደግሞ ለአሽከርካሪዎቹ የጥቅሉን የመስመር ኮድ የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሉ መዘግየቱን በደቂቃ ልክ የሚያውቀው ራሱ አጓጓዡ ነው። ቢሆንም ተመላሹ በራሱ አይመጣም። ደንበኛው መጠየቅ አለበት፤ ለመጠየቂያ የሚሰጠውም ጊዜ እንደ ኩባንያውና እንደ ዘመኑ ከ15 እስከ 30 ቀን ነው። በወር በሺህ የሚቆጠር ጥቅል የሚልክ ነጋዴ የእያንዳንዱን ሰዓት ሊመረምር አይችልም። በአሜሪካ ይህን ምርመራ ብቻ የሚሠሩ፣ ከተመለሰውም ገንዘብ ድርሻቸውን የሚወስዱ ድርጅቶች መፈጠራቸው የሚያሳየው ሳይጠየቅ የሚቀረው ተመላሽ አንድ ሙሉ የሥራ ዘርፍ ሊያኖር የሚችል መሆኑን ነው። በዓለም አቀፍ የአየር ጭነትም መልኩ ይመሳሰላል፤ የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አጓጓዡን በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ቢያደርግም፣ ቅሬታው ዕቃው ለተቀባዩ ከቀረበ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልቀረበ መክሰስ አይቻልም።

የዋስትናው ጠባይ ይበልጥ የታየው ግን በጭንቅ ጊዜ ነው። በ2013 የገና ዋዜማ በኢንተርኔት የተገዙ ስጦታዎች ከአጓጓዦቹ አቅም በላይ ሆነው ብዙ ቤት ሳይደርሱ በዓሉ አለፈ። ለተጎዱ ደንበኞቹ የማጓጓዣውን ዋጋ የመለሰው፣ የ20 ዶላር የስጦታ ካርድም የጨመረው ሻጩ አማዞን ነው። በመጋቢት 2020 ደግሞ ወረርሽኙ ሲስፋፋ ፌደራል ኤክስፕረስም ዩ ፒ ኤስም የተመላሽ ዋስትናቸውን አገዱ። ለእገዳው የፍርድ ቤት ውሳኔም ሆነ የደንበኛ ፈቃድ አላስፈለገም፤ ዋስትናውን ማገድ የሚያስችለው ሐረግ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበርና። የማጓጓዣው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልወረደም፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት ዩ ፒ ኤስ በበዛው ጭነት ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጣለ።

ለሕግ ተማሪዎቻችን የምተወው የቤት ሥራ ይህ ነው። ላኪው በማጓጓዣ ሰነዱ ፊት ለፊት የመጨረሻውን ቀን በእጁ ጽፎ ጸሐፊዋ ማኅተም ብታሳርፍበት፣ በጀርባው ያለው ኃላፊነትን የሚገድብ የታተመ ሐረግና አንቀጽ 1801 ሲጋጩ የትኛው ይጸናል? የተመደበልኝ ሰዓት ስላለቀ፣ አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።