ሐይቅ ዳር ቤት ከመግዛት በፊት፤ ሐዋሳ በአራቱም ወቅት

የጡረታ ዕድሜ እየቀረበን የመጣን የአዲስ አበባ ሰዎች ሰብሰብ ባልን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ሐዋሳ ላይ አንድ ቤት ብገዛስ?» የሚል ነው። ጥያቄው በብዛት የሚነሣው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጠያቂው ለገብርኤል ንግሥ ወይም ለዕረፍት ወርዶ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ ዓሣውን በልቶ የተመለሰ ነው። ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ጥያቄው ወደ እኔ ሲመጣ የካርታና የስም ዝውውር ነገር ብቻ እንድመልስ ይጠበቃል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከወቅቱ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ላለመሆን፣ ሐይቅ ዳር ቤት የሚገዛ ሰው ሐይቁን በአራቱም ወቅት ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሐይቁ እንነሣ።

ሐይቁና ከተማዋ

ሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ20 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለቤት ገዢ ከሁሉም የበለጠ ጠቃሚ ነው። የገባው ውሃ የሚቀንሰው በዋናነት በትነት፣ በከፊልም ወደ መሬት በመስረግ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲበዛ፣ ተፋሰሱ ሲራቆትና ደለሉ ሲጨምር የሐይቁ ወለል ከፍ ይላል፤ ውሃውም ወደ ዳር ይገፋል።

ይህ በመላምት ደረጃ ያለ ሥጋት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሐይቁ ወለል ከፍ እያለ መጥቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውሃው ወደ ከተማዋ ገፍቶ ነበር። ዛሬ ምሽት ላይ ወጣቶች የሚንሸራሸሩበት የሐይቁ ዳር የአፈር ግድብ የዚያ ጊዜ መታሰቢያ ነው። ብዙ ጎብኚ ግድቡን ለሽርሽር የተሠራ መንገድ አድርጎ ነው የሚያየው። ቤት ገዢ ግን «ይህ ግድብ ለምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሐይቅ ባለበት ይቆማል ብሎ ማሰብ በአገራችን ታሪክም አይደገፍም። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን፣ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ መንገድና ባቡር ሐዲድ አስቸግሯል። በአንጻሩ አብያታ ሸሽቷል። ሐሮማያ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ፣ ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶበታል።

ከተማዋ ወጣት ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣበት ዓመት በመሆኑ ሁለቱ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የሠራተኛው ቁጥር ጨመረ፤ የኪራይ ቤት ፍላጎትም አብሮ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉና ሪዞርቶቹ ሲታከሉበት፣ ሐይቁ ዳር ያለ መሬት ተፈላጊ ቢሆን አይገርምም።

ከመጸው እስከ ክረምት

መጸው ቤት ለማየት ከሁሉም የተሻለው ወቅት ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የክረምቱ ውሃ ተጠራቅሞ ሐይቁ ከፍ የሚልበት ነው። ግድግዳው ላይ የውሃ ልክ ካለ ይታያል፤ ጉድጓድ ቢቆፈር ውሃ በስንት ክንድ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ይሞላ እንደሆነም ጎረቤት ይናገራል። ይኸው ወቅት የወባ ወቅትም ነው። 1,680 ሜትር ከወባ የሚያስጥል ከፍታ አይደለም። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጎበር የቤት ዕቃ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ነው።

በጋው የደላሎች ወቅት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ማለዳው ቀዝቃዛ፣ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ከአራቱም ማዕዘን ምዕመን ይጎርፋል፤ አልጋ ይጠፋል፤ የአልጋ ዋጋም ይወደዳል። በዚህ ሳምንት የቤት ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚነገረው የከተማውን ዋጋ ሳይሆን የበዓሉን ዋጋ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የዓሣ ገበያው ይደምቃል። አሞራ ገደል በማለዳ የሄደ ሰው ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎች ትርፍራፊውን ሲሻሙ፣ ሾርባውም ሲንተከተክ ያገኛል። ደስ የሚል ነው። ቤቱ ለአሞራ ገደል ቅርብ ከሆነ ግን ጫጫታውና ሽታውም ዓመቱን ሙሉ ቅርብ ነው።

በልጉ ሲመጣ ዝናቡ ይጀምራል። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ የሚውለውም ወደዚሁ ወቅት ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱት የአገር ሽማግሌዎች፣ አያንቶዎች፣ በመሆናቸው ከዓመት ዓመት ይለያያል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ጉዱማሌ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ይህ ዳርቻ ለከተሜው የመዝናኛ ቦታ ከመሆኑ በፊት የባለአገሩ የባህል ቦታ መሆኑን ይረዳል። ጎረቤት ልትሆኑ ከሆነ በዓሉን በእንግድነት ሳይሆን በጎረቤትነት ማወቁ ይጠቅማል።

ክረምቱን አብዛኛው ገዢ አያውቀውም። ጎብኚ የለም፤ ያልተነጠፈው የውስጥ መንገድ ይጨቀያል፤ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። እኔ ግን ምክሬ አንድ ነው። ቤቱን በጥር ወደዳችሁት? በነሐሴ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ተመለሱና እዩት። 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ከዕድሜ ልክ ጸጸት ያንሳል።

የምንገዛው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከዚያ በፊት የነበረ ነው። እንግዲህ ገዢ የሚገዛው በአንቀጽ 40(7) የተጠበቀውን፣ ማለትም በጉልበት ወይም በገንዘብ የተገነባውን ቤት ነው። ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው የመሬቱ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። «ከገበሬ መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው በሕግ ዓይን የገዛው ነገር የለም። ውሉ «ብድር» ወይም «ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍ ሽፋን እንጂ መብት አይሆንም። ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ሊቆም ይችላል፤ ሲፈርስ ግን ሕጋዊ ባለይዞታ የሚያገኘውን ካሳ የሚጠይቅበት ሰነድ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ የሚለው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ደንግጓል። ይህን ያላሰላ ገዢ የቤቱን ዋጋ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ የሊዝ ክፍያ ሲጠየቅ ይደነግጣል። ይኸው አዋጅ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ የሚተላለፍ የሊዝ ይዞታ ላይም ገደብ ጥሏል። በዚህ ጊዜ ሻጭ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ «መሠረቱ የወጣ ቦታ» ተብሎ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ለምን ረከሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ውሉን በተመለከተ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ውጤት እንደሌለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2877 ይናገራል። ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ ሁኔታ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል የጸና እንደማይሆን ወስኗል። ሻጭ ውሉን ባልካደባቸው ጉዳዮች ለየት ያሉ ውሳኔዎች በኋላ መሰጠታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሻጭ አይክድም በሚል ተስፋ የዕድሜ ልክ ቁጠባን ማስያዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የማውቃቸው አንድ አባት በሦስት ምስክሮች ፊት በመንደር ውል ቤት ገዙ። ሻጩ የታወቁ ሐቀኛ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ሞቱ። ወራሾቹ ደግሞ ውሉን አናውቀውም አሉ። ሐቀኝነት በውርስ አይተላለፍም።

ሦስት ነገሮች በተለይ ይታዩ።

አንደኛው ውክልና ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ የሚሸጠው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ነው። ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «በጠቅላላው ወክዬዋለሁ» የሚል ወረቀት አይበቃም። ውክልናው እንዳልተሻረና ወካዩ በሕይወት እንዳሉ በውሉ ዕለት ይጣራ።

ሁለተኛው ትዳር ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግል አያደርገውም። ሌላኛው ተጋቢ ሳይፈርም የተገዛ ቤት ክስ ያለበት ቤት ነው።

ሦስተኛው ቀብድ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ይህ ግን ውሉ ራሱ የጸና ሲሆን ነው። ሰነዱን ሳያዩ ቀብድ መስጠት «ሌላ ገዢ መጥቷል» ለሚል ደላላ መንበርከክ ነው።

የሐይቁ ወሰን የት ነው?

ሐይቅ ዳር ቤትን ከሌላው ቤት የሚለየው ጥያቄ ይህ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ዳርቻ የመከለል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥና የመኖሪያ ቤት መሥራትን የመከልከል ሥልጣን ለመንግሥት አካል ሰጥቷል። ይህ ማለት ካርታ ያለው ቤት እንኳ ከዳርቻው ክልል ውስጥ ከሆነ ማስፋፋት፣ አጥር ማጠርና አዲስ ግንባታ ሊከለከልበት ይችላል። ሻጭ «ግቢው እስከ ውሃው ነው» ሲል እንደ ጸጋ አትቁጠሩት። ካርታው ላይ የተጻፈውን ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀያሽ አስለኩ። ልዩነት ከተገኘ ያ ትርፍ የሐይቁ ወይም የሕዝቡ ነው።

ከመፈረም በፊት እንግዲህ እነዚህ ይሟሉ። የካርታውን ቁጥር ይዞ ማኅደሩን ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ማየት፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ፤ የሊዝና የግብር ውዝፍ መጠየቅ፤ ቤቱ በማስተር ፕላኑ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ላይ አለመውደቁን ማጣራት፤ የስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በውሉ ማስፈር። ግቢው የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ከሆነ ውሃው ይመርመር። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ብዙ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበልጣል፤ የልጅን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል።

በመጨረሻ አንድ አስተያየት ልጨምር። ገዢው ይጠንቀቅ ማለት ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ግን መረጃ ይፈልጋል። የሐይቁ ዳርቻ ወሰን በምሰሶ ተተክሎ፣ በካርታ ታትሞ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቢለጠፍ፣ ገዢም ይድናል፣ ሻጭም አያታልልም፣ ሐይቁም ይተነፍሳል። ወሰኑ በግልጽ ካልታወቀ ግን ጥቅሙ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ለደላላውና ከሌሎቹ ቀድሞ ላጠረው። በዚህ መካከል መውጫ የሚያጡት ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት ዳርቻ በአጥር የሚዘጋባቸው ዓሣ አስጋሪዎችና ምሽት ላይ ውሃውን ለማየት የሚወጡት የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው።

ሐዋሳ ላይ ቤት አትግዙ አላልኩም፤ ያማረች ከተማ ናት። ብትገዙ ከግድቡ ወዲህ፣ ካርታ ያለውን፣ በመጸው አይታችሁና ውሉን አስመዝግባችሁ ግዙ። ሐይቁን ለማየት የግድ የግቢያችሁ አካል መሆን የለበትም፤ አሥር ደቂቃ በእግር መሄድ ለጡረተኛ ጤናም ይበጃል።