ትምህርት ፍለጋ ወደ ሐይቅ

ወጣቶች ሙያና የሰው አገር ልማድ ለመማር ወደ ህንድ ወይም ወደ ሆላንድ ሲላኩ፥ ነገሩ በዘመናችን የተጀመረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን ከደሴ በስተሰሜን፥ ከአምባሰል ተራሮች አጠገብ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ስንመረምር፥ ይህ ልማድ በአገራችን ከ700 ዓመት በላይ የቈየ መሆኑን እንረዳለን።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ፥ ገድላቸው እንደሚነግረን፥ ከዳህና ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ፤ በዚያም ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው መነኰሱ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1248 ገደማ ሐይቅ ከደረሱ በኋላ ያወቁትን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ፥ መጻሕፍትም ሰበሰቡ። በ1280 ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ብዙ ዓመት መምህራቸውን እያገለገሉ ተማሩ። ከዚያም መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ተሻገሩ፤ በመጨረሻም ወደ ሸዋ ተመልሰው፥ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ።

ኢየሱስ ሞዐ የተከሉት ከትውልድ አገራቸው ርቀው ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ተከሉ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የተቀበሉትን ለሌላው ማስተላለፋቸው ነው። ያን ጊዜ በእግር ወራት ይፈጅ የነበረውን መንገድ ዛሬ አውሮፕላን በሰዓታት ያደርሰናል፤ የጉብኝቱም ጊዜ እንዲሁ አጥሯል። ስለዚህ ላኪው መሥሪያ ቤትም ሆነ ተላኪው ወጣት፥ ገና ጓዝ ሳይታሰር «የተማርነውን ለማን እናስተምራለን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የሐይቅን ሥርዐት ጠበቀ እንላለን።