«በዘራቸው አለ» ያስከፈለው ዋጋ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ «ዘነበወርቅ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰፈሩንና አለርት ሆስፒታልን ነው። ስሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከከተማው ወጣ ብሎ በስማቸው የተቋቋመው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡ ሕሙማን ብዙዎቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እዚያው አካባቢ ጎጆ ቀለሱ፤ ወልደው ከበዱ።

እንዳይመለሱ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ «በዘራቸው አለ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በበሽተኛው ላይ አያበቃም። ሽማግሌ ተልኮ ዘር ሲጣራ «አያቷ እኮ…» ከተባለ፣ ገላዋ ላይ አንዲት ምልክት የሌለባት ልጅ ጋብቻዋ ይፈርሳል።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። የኖርዌይ ታላላቅ ሐኪሞች የነበሩት ዳንኤልሰንና ቦክ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥጋ ደዌ በዘር ይወረሳል ብለው ነበር። ያዩት እውነት ነበር፤ በሽታው በአንድ ቤት ውስጥ ይደጋገማል። የተሳሳቱት በምክንያቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 የዳንኤልሰን የገዛ አማች የሆነው ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አገኘ። ቤተሰብን የሚያጠቃው አንድ ደም ስለሆነ ሳይሆን አንድ ጣራ ሥር ስለሚኖር ነበር። ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ቢመስል አይገርምም።

የሐንሰን ስም ኋላ ኮልፌ ድረስ መጣ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም፣ በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። «በዘር ነው» የሚለውን ያፈረሰው ሰው ስም፣ ያ ቃል ብዙ ቤተሰብ ባቆሰለበት ሰፈር በር ላይ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጣመረ መድኃኒት በሽታውን በወራት ውስጥ ያድናል። ቃሉ ግን ከበሽታው በላይ ዕድሜ አለው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ዘር ጨርሶ ድርሻ የለውም ማለትም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በቻይና የተደረገ ሰፊ ጥናት ለሥጋ ደዌ ተጋላጭነትን የሚጨምሩ ዘረመሎችን አሳይቷል። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ብዙዎች «ዝሆኔ» የሚሉት፣ ከዘረመል ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳተሙ። በሁለቱም የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነው ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ እብጠቱ አይደርስበትም።

የዘረመል ጤና አገልግሎት ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ ከደም የመጣውን፣ ከቤት የመጣውንና ከአፈር የመጣውን መለየት። ባለሙያው የሦስት ትውልድ ሐረግ ይመዘግባል፤ ምርመራ ካስፈለገ ያዛል፤ ውጤቱን ለባለቤቱ ያስረዳል። በእርግጥ በዘር የሚወረሱ ሕመሞች አሉ። ሁለት ጤነኛ ወላጆች ያንኑ የተሳሳተ ዘረመል ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሰባት ቤት ቆጥረው ያጋቡ የነበሩ አባቶችም ሳያውቁት ይህን ዕድል ይቀንሱ ነበር።

ለሥጋ ደዌ ቤተሰብ የሚበጀው ሌላ ነው። አብረው የሚኖሩትን መመርመር፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ እንደሚመከረውም በሽታው ለሌለባቸው አንድ ጊዜ የሚወሰድ የሪፋምፒሲን መከላከያ መስጠት ነው። «በዘራቸው አለ» የተባለ ቤተሰብ ግን ይደበቃል እንጂ ለምርመራ አይመጣም።

የዘረመል ምርመራ እየተስፋፋ ሲሄድ «ዘር» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ ማኅተም ታጅቦ ሊመለስ ይችላል። ወረቀቱ የሚያስረዳ ባለሙያና የሚጠብቅ ምስጢር ከሌለው፣ ጋብቻ ለማፍረስ በሽማግሌ ኪስ የሚዞር ማስረጃ ይሆናል። ያ ዓይነቱ ማስረጃ ምን እንደሚያስከፍል ዘነበወርቅ አንድ ጊዜ ከፍሎ አሳይቷል።