በርጩማና ወንበር በቢቸናና በሞጣ አገር
ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር የተቀመጥንበትን አግዳሚ ማን ሠራው፣ ከምንስ እንጨት ነው ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዘንድሮው ስብሰባ ግን አሮጌዎቹ የእንጨት መቀመጫዎች ለማገዶ ተሽጠው በፕላስቲክ ይተኩ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ውሳኔው ሳይሰጥ ስለ ወንበር የማውቀውን ባጭሩ ልጻፍ። ብዙዎቻችን የቢቸናና የሞጣ ልጆች ስለሆን የምጀምረው ከዚያው ነው።

ባገራችን የገበሬ ቤት መቀመጫው መደብ ነው፤ ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ አጎዛ የሚነጠፍበት። ከዚያ ቀጥሎ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ አለ። እግሩ ሦስት የሆነው እንጨት አንሶ አይደለም። አፈር ወለል መቼም አንድ ዓይነት ስለማይሆን ባለ አራት እግሩ ይወላገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ አይነቃነቅም። አያቶቻችን ይህን ከማንም አልተማሩትም።

ወንበር ሌላ ነገር ነበር። ስሙም መንበር ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው። በምኒልክ ዘመን ዳኞቹ ራሳቸው «ወምበሮች» ይባሉ ነበር። ቢቸና አጠገብ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባለው የትምህርት አገር ደግሞ ወንበር ዘረጋ ማለት ጉባኤ ከፍቶ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ቢሆን ሕዝቡ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው፤ ካህኑም የሚደገፈው መቋሚያ ነው። እንግዲህ ተራ ገበሬ ቤቱ ወንበር ቢያስገባ «ደግሞ ምን ሊሾም ነው?» መባሉ አይቀርም።

ከዚህ ላይ የሚያሳፍር ነገር አለ። መጥረቢያና መሮ የሚያወጣው ቀጥቃጭ ነው፤ ጠፍሩን የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሁለቱም ይናቁ ነበር፤ ቀጥቃጩማ ቡዳ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ወጣ እንጂ አፍ አልተዘጋም። እኔ ልጅ ሳለሁ እንኳ ቀጥቃጭ ከቤታችን ሲመጣ ከበራፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

አባቴ ወንበር መሥራት የተማሩት በ1960 ዓ.ም. ነው። በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የቢቸናና የሞጣ ገበሬ እንቢ ያለበት ዓመት ነው። ገበያ መሄድ አስቸጋሪ ሆነና አባቴ ቤት ዋሉ፤ ቤት ሲውሉ እጃቸው አላርፍ አለ። ዋንዛ ነበረን፤ ለመጥረብ የማያስቸግር፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው። እግሩን ከደረቀ ዋንዛ ጠረቡ፤ እግሮቹን የሚያያይዙትን ተሻጋሪዎች ግን ያን ዕለት ከተቆረጠ ወይራ አደረጉ። ቀዳዳውን በጋለ ብረት በስተው ገጣጠሙት። ሲያዩት ያምራል። ወር ሳይሞላው ተሻጋሪዎቹ ደርቀው ቀጠኑና ወንበሩ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ጀመር። አባቴ ጥፋቱ የእግሩ መስሏቸው ረዘመ ያሉትን እግር ቆረጡ፤ ደግሞ ሌላውን ቆረጡ። ምን አለፋችሁ፣ በመጨረሻ ከበርጩማ አንሶ አረፈው!

ምሥጢሩን የነገሯቸው መሮ ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ናቸው። ከበራፍ እንደ ተቀመጡ አዩትና «አያ፣ የሚገባው ይድረቅ፤ የሚቀበለው ትንሽ ይርጠብ» አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ወይራው ከምድጃ በላይ ካለው ቆጥ ተሰቅሎ በጭስ ጥቂት ወራት ከደረቀ በኋላ ገና ርጥበት ባለው ዋንዛ ውስጥ ሲገባ፣ ዋንዛው ሲደርቅ ተኮማትሮ ይነክሰዋል። ያለ ምስማር፣ ያለ ኮላ ይይዛል። ጠፍሩም እንዲሁ ነው። የበሬ ቆዳ ተነክሮ፣ ጠጉሩ ተፍቆ፣ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን በቀጭኑ ይተለተላል። የሚጠለፈው እርጥቡን ነው፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ሁለተኛው ወንበር ሲያልቅ አባቴ ሰውየውን አስጠርተው፣ ከቤት አስገብተው፣ መጀመሪያ እሳቸውን አስቀመጡባት። እናቴ ዝም አለች። ጎረቤት ግን ብዙ ቀን አወራበት፤ አንዳንዱም ቤታችን ሲመጣ በዚያች ወንበር አልቀመጥም ብሎ መደብ ላይ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምስማሩና ጣውላው በረከተ። ጣውላም ኮላም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ምስማር ሥራ ያፈጥናል፤ ነገር ግን እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲኮማተር ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ዋንዛው እየተመናመነ ስለሄደም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከዝግባ፣ ከኮሶና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ ለማገዶ የምንሸጠውን ነገ በገንዘብም አናገኘው ይሆናል።

የእድራችንን አግዳሚዎች ባለፈው እሑድ ገልብጬ አይቻለሁ። መቀመጫቸው ዋንዛ ነው፤ አንድም ምስጥ የለበትም። የላላው ተሻጋሪው ብቻ ነው። ደረቅ የወይራ እንጨት ከቤቱ ያለ አባል ቢያመጣልኝ መሮውና መዶሻው እኔ ጋ አለ። መሮዋም ያችው የሽማግሌው መሮ ነች፤ እጀታዋን ብቻ ሁለት ጊዜ ቀይሬያታለሁ።